«አንቺ ብትሆኚ ገንዘብሽን ታወጪበት ነበር?»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ጸሐፊዋ 28 ዓመቷ ነው። ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው። ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ግን ከድሬ ሆኜ ነው የምሠራው። የሥራ መጠሪያዬ ‹ክላውድ ዳታ አርክቴክት› ይላል፤ በኢንተርኔት በሚከራዩ ኮምፒውተሮች (ክላውድ) ላይ የድርጅቶችን ዳታ አቀማመጥ የምነድፍ ማለት ነው። አንዳንዴ ሳየው የሌላ ሰው ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ዳታቤዝ ላይ ነበርኩ።

»አሁን የተመደብኩበት ደንበኛ እዚሁ ድሬ ያለ አስመጪና አከፋፋይ ነው። ዕቃ በጅቡቲ በኩል ያስገባል። ሐረርና ጅግጅጋ ቅርንጫፍ አለው። ያላቸው አንድ ሰርቨር ነው። ዳታቸው ተጠራቅሞ 60 ጊጋባይት አይሞላም። አለቃዬ ያዘጋጀው ፕሮፖዛል ግን ለባንክ የሚሆን ነው። ጥሬ ዳታ ሁሉ የሚጠራቀምበት ዳታ ሌክ አለው፣ ለሪፖርት የተደራጀ ዳታ የሚቀመጥበት ዌርሃውስ አለው፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የስፓርክ ክላስተር (ትልቅ ዳታ ተካፍለው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች) አለው፣ ዳታ በየሰከንዱ የሚያስተላልፍ ካፍካ አለው። የሽያጭ ሲስተማቸውም አብሮ ወደ ክላውድ ይሂድ ይላል። ሥዕሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። አለቃዬን አንዴ ነካ አድርጌ ጠየቅኩት። ‹አንቺ ዲዛይኑን አሳምሪ፣ ሽያጩን ለኔ ተይው› አለኝ።

»ነገሩን ያከበደብኝ የደንበኛው የአይቲ ኃላፊ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ የተመደብኩት እሱ ጋ ነበር። ኤስኪውኤል፣ ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬም ጋሼ ነው የምለው። ባለፈው መጋላ ሻይ ስንጠጣ ‹የኔ ልጅ፣ አንቺ ብትሆኚ ገንዘብሽን ታወጪበት ነበር?› አለኝ። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ተነሣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዲዛይኑን ለባለቤቶቹ የማቀርበው እኔ ነኝ። ሁለት ወንድሞቼን የማስተምረው በዚህ ደሞዝ ነው። ሥራዬን ማጣት አልችልም። ጋሼንም መዋሸት አልችልም። ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ ይሆን? ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣

መልሱን ታውቂዋለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል። 60 ጊጋባይት የማይሞላ ዳታ የእጅ ስልክ ላይ ይገባል። ለዚህ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ክላስተር ማቆም፣ አንድ ኩንታል ስኳር እዚሁ ድሬ ውስጥ ከመጋላ ሳቢያን ለማድረስ ባቡር እንደመከራየት ነው። የቸገረሽ ቴክኒኩ አይደለም። የምታውቂውን ነገር ለማን፣ መቼና እንዴት እንደምትናገሪ ነው የቸገረሽ።

እኔም በአማካሪ ድርጅት ውስጥ በዳታ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። አለቃሽ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልነሣም። አማካሪ ድርጅት የሚኖረው ሰዓት በመሸጥ ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ በወር ስንት ሰዓት ለደንበኛ እንዳስከፈለ ይቆጠራል። ፕሮጀክት የሌለው ሰው ወጪ ነው። በዚያ ላይ ብዙ አማካሪዎች ከክላውድ ኩባንያዎች ጋር የአጋርነት ደረጃ አላቸው። ደረጃው ከፍ የሚለው ሰርተፍኬት ያላቸው ሠራተኞች ሲበዙና ደንበኞች ክላውዱ ላይ ብዙ ሲያወጡ ነው። ስለዚህ ትልቅ ፕሮፖዛል ለድርጅቱ በሁለት በኩል ይጠቅመዋል። ይኼን ማወቅ አለብሽ። አለቃሽን በሥነ ምግባር ንግግር አታሳምኚውም። የምታሳምኚው በራሱ ሂሳብ ነው።

እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ዲዛይኑን እንየው። «ትልቅ ነው» ብቻ ብለሽ ከሄድሽ ተሸንፈሽ ትመለሻለሽ። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይጨመር የሚለውን ይዘሽ ሂጂ።

መጀመሪያ የሽያጭ ሲስተሙ። እሱ ከድሬ መውጣት የለበትም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሣል። ኔትወርክ ሲሄድ ግን የሚነሣ ነገር የለም። ከጅግጅጋ የመጣ መኪና ስቶሩ በር ላይ ቆሞ፣ ካሸሩ ደረሰኝ መቁረጥ አቅቶት፣ ሹፌሩ ፀሐይ ላይ ሲጠብቅ አስቢው። አማዞንም፣ ማይክሮሶፍትም፣ ጉግልም ኢትዮጵያ ውስጥ የክላውድ ሪጅን፣ ማለትም የዳታ ማዕከሎቻቸው ያሉበት ቦታ፣ የላቸውም። በአፍሪካ የከፈቱት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 እ.ኤ.አ.። አማዞን ባህሬንም አለው። ከእነዚህ የትኛውንም ብትመርጪ እያንዳንዱ ደረሰኝ ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ነው። ከሁለት ኩባንያ ሁለት የኢንተርኔት መስመር ማስገባት ይቻላል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014። ሁለተኛው መስመር ጥሩ ነው፣ ይግባ። የሚገባው ግን ለሪፖርቱና ለመጠባበቂያ ቅጂው (ለባክአፑ) እንጂ ዕቃ መሸጥ በእሱ ላይ እንዲንጠለጠል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባክአፑ። እዚህ ላይ ክላውዱ በእውነት ያስፈልጋቸዋል። አለቃሽም ትክክል ነው። ጋሼን ባክአፑ የት እንዳለ ጠይቂው። እንደ ብዙ ቢሮዎቻችን ከሆነ ሰርቨሩ ጎን የተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ሰርቨሩን የሚነካ ነገር ባክአፑንም ይነካዋል። ሙቀቱ አለ። ኤሲው በተበላሸ ቀን የሰርቨር ክፍሉ ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው አይነገረውም። ጎርፍም አለ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያኔ ስለ ኮምፒውተር ያሰበ አልነበረም፤ ሊያስብም አይገባም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሱቁን ከፍቶ የሚቀጥል ነጋዴ የዱቤ መዝገቡ ያስፈልገዋል። ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ እሱ ለማን ምን ያህል እንዳለበት ካላወቀ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ በየሌሊቱ ቅጂው ተቆልፎ፣ ማለትም ኢንክሪፕት ተደርጎ፣ ከከተማው ውጭ ይውጣ። መጀመሪያ ሙሉው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነው።

ባለቤቶቹን ሁለት ጥያቄ ጠይቂያቸው። አደጋ ቢደርስ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ ትችላላችሁ? ሲስተሙ ስንት ሰዓት ቆሞ ቢቆይ ትችላላችሁ? «የአንድ ቀን» ካሉሽ የሌሊት ቅጂ ይበቃል። «አንድ ሰዓት» ካሉሽ ሌላ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ንገሪያቸው። ይኼን ሳይጠይቁ ዲዛይን መሥራት ግምት ነው።

ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ። ካፍካው ለማን ነው? በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር አይቶ በየሰከንዱ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው እዚያ ድርጅት ውስጥ ካለ ጠይቂና ስሙን ጻፊው። ከሌለ ካፍካው ይውጣ። በሌሊት አንድ ጊዜ የሚጫን ዳታ ለጠዋት ሪፖርት ይበቃል። ለዚህ መጠን ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለምሳሌ ቢግኩዌሪ፣ ማለትም የጉግል ዌርሃውስ፣ አንድ ጥያቄ ባነበበው ዳታ ልክ ነው የሚያስከፍለው፤ በወር የመጀመሪያው 1 ቴራባይት ነጻ ነው፣ ከዚያ በላይ በአሜሪካ ሪጅን ዋጋ ለአንድ ቴራባይት 6.25 ዶላር ነው። ሠንጠረዦቹን በቀን ከፋፍለሽ በደንብ ካስቀመጥሽ እነዚህ ሰዎች ነጻውን መጠን አይጨርሱትም ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከሚሠራው ክላስተር ጋር አስተያዪው። አንድ ወር 730 ሰዓት ገደማ ነው። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በወር 22 ቀን ብንል 176 ነው። ክላስተሩ ሁሌ ክፍት ከሆነ ከሚከፈልበት ሰዓት ሦስት አራተኛው ማንም በማይሠራበት ሰዓት የሚሄድ ነው። ይኼን ስሌት እንዳለ ወረቀቱ ላይ አስገቢው።

ዶላሩን አትርሺ። የክላውድ ቢል የሚመጣው በዶላር ነው፤ ደንበኛው የሚሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ የክላውድ ቢል ይከፍል የነበረ ድርጅት ምንም ሳይጨምር ወጪው በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ስለዚህ ወጪውን በሁለት ምንዛሪ ጻፊ፤ ዛሬ ባለው፣ ከዚያም ቢብስ በሚሆነው። አስመጪ ናቸው፣ ይኼን ከእኔና ከአንቺ በላይ ያውቁታል። ዳታ ለማስወጣትም ክፍያ እንዳለ ጻፊ። ማስገባት ነጻ ነው፤ ማውጣት ግን በጊጋባይት ይከፈልበታል። በአማዞን ለምሳሌ በወር የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት ነጻ ነው። ለነሱ መጠን ይኼ ትልቅ ጭንቀት አይደለም፤ ግን ከፊርማ በፊት ይወቁት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። አዲስ አበባ ካለው ቢሮ አንቺ የምትበልጪው እዚህ ላይ ነው።

ከሌላ አገር ፕሮጀክት የተቀዳ ዲዛይን ውስጥ የቀን ሠንጠረዥ አለ። ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። የደንበኛሽ የሂሳብ መዝገብ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ በወር የተደመረው ሪፖርት በየወሩ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ይጣላል። የበጀት ዓመቱን ሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የተደመረ ሽያጭ ምን ይሠራለታል? ጳጉሜስ የት ትገባለች? አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ያላት ወር ናት። እንደ ሙሉ ወር ከቆጠርሻት ሽያጩ የወደቀ ይመስላል። ከነሐሴ ጋር ከደመርሻት ነሐሴ ያበጠ ይመስላል። ምን እንደሚደረግ አካውንታንቱን ጠይቀሽ ጻፊው። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ካሸሩ በእጁ «3 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ሲስተሙ 9 ሰዓት የሚለው ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ ሁለት አቆጣጠር አይበቃም። ሦስተኛውን ጨምሪ፣ የሂጅራውን። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። ቴምር፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ዘይት የሚያከፋፍል ነጋዴ ዘንድሮ ረመዳን ላይ የሸጠውን ከአምናው ረመዳን ጋር ነው ማስተያየት የሚፈልገው። የአምናውን መጋቢት ከዘንድሮው መጋቢት ጋር ብታሳዪው አንዱ ዓመት ረመዳን ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ሊሆን ይችላል። ግራፉ ይዋሻል፤ ነጋዴው በግራፉ አምኖ ቢያዝ ዕቃው ስቶር ውስጥ ይቀርበታል። ሦስት አቆጣጠር ያለው አንድ የቀን ሠንጠረዥ መሥራት የብዙ ቀን ሥራ አይደለም። ክላስተር አያስፈልገውም። ለባለቤቶቹ ግን ከጠቅላላው ፕሮፖዛል የበለጠ የሚጠቅማቸው እሱ ሊሆን ይችላል።

የደንበኞች ስምም አለ። አንድ መሐመድ በአማርኛ በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በላቲን ሲጻፍ ይበዛል። በሶማሊኛ አጻጻፍ ሐ የሚጻፈው በኤክስ ፊደል ነው። በአፋን ኦሮሞ ሌላ ነው። በአማርኛም ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ እንደጸሐፊው ይለዋወጣሉ። በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። «የመጨረሻ ስም» በሚል ኮለም የሚያመሳስል ሶፍትዌር አባትና ልጅን ሁለት ቤተሰብ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ደንበኛው በስሙ ሳይሆን በስልኩና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይያዝ። ስልኩም በ09 ብቻ አይጀምርም፤ በ07ም አለ። ዱቤ የሚሰጥ ድርጅት አንድን ሰው ሦስት ሰው አድርጎ ከቆጠረ ሦስት ጊዜ ያበድራል።

ሌላው ሕጉ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስምና ስልክ ከአገር ውጭ ለማስቀመጥ ሁኔታዎች አሉት። የደንበኛው ጠበቃ ከፊርማ በፊት እንዲያየው ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አስቀምጪ። አንቺ ጠበቃ አይደለሽም፤ መጠቆም ግን ሥራሽ ነው።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሁለት ገጽ ይሞላል። ከዚያ አይብለጥ። ሦስት አማራጭ ጻፊ፦ አሁን ያለው ባለበት ቢቀጥል፣ ትንሹ ዲዛይን፣ የአለቃሽ ትልቁ ዲዛይን። ለእያንዳንዱ የወር ወጪውን በዶላርና በብር፣ ምን እንደሚያስገኝ፣ ምን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚንከባከበው አስቀምጪ። ለትልቁ ፍትሐዊ ሁኚ። አሳንሰሽ አትጻፊው። ዳታው ምን ያህል ሲሆን ወይም ምን ዓይነት ፍላጎት ሲመጣ ትልቁ ትክክል እንደሚሆንም ጻፊ። እኔ አርክቴክት የምለው ይኼን ወረቀት የሚጽፈውን ሰው ነው። ሣጥንና ቀስት መሣል ማንም ይችላል። «ለምን ይኼ? ስንት ያስወጣል? ባይሆንስ?» ለሚለው በስሙ መልስ የሚጽፍ ነው አርክቴክት። መጠሪያሽ የሌላ ሰው የመሰለሽ እስካሁን ሥዕሉን ብቻ ስላሠሩሽ ይመስለኛል።

ወረቀቱ መጀመሪያ የሚሄደው ለአለቃሽ ነው። ለጋሼ አይደለም። ልብሽ ወደ ጋሼ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን የድርጅትሽን ፕሮፖዛል በጓሮ በር ለደንበኛው ብታስረጂ፣ ነገ ጋሼም ቢሆን «ይቺ ልጅ የኔንስ ለማን ታወራ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። አለቃሽ ደግሞ ስብሰባ ላይ በድንገት ማፈር የለበትም። አስቀድሞ ይወቅ።

ስታናግሪው «ይኼ ትክክል አይደለም» ብለሽ አትጀምሪ። ወደ ሂሳቡ ሂጂ። እንደዚህ በዪው፦ «ደንበኛው በሦስተኛው ወር የዶላር ቢሉን ሲያይ ይደነግጣል። ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያዘገየው የኛን ክፍያ ነው። በትንሹ ጀምረን የሚሠራ ነገር ቶሎ ብናሳያቸው ሁለተኛውን ምዕራፍ ራሳቸው ይጠይቁናል። ነጋዴ ከነጋዴ ይሰማል፤ ሐረርም ጅግጅጋም ያለው ይሰማል።» ይኼ ማስመሰል አይደለም፣ እውነት ነው። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። ታይዋን ገበያ ላይ የተወራ ከሰዓት አሸዋ ገበያ ይደርሳል። የከሸፈ ፕሮጀክትም እንደዚያው ይዞራል፤ ከፕሮጀክቱ ጋር የሚዞረው ደግሞ ያንቺ ስም ነው እንጂ የአዲስ አበባው ቢሮ አይደለም። ይኼንንም ንገሪው። ፈርተሽ ሳይሆን በቀጥታ።

አንድ ነገር በተለይ አጥብቂበት። የክላውድ አካውንቱ በደንበኛው ስም ይከፈት። ብዙ የአገር ውስጥ ድርጅት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለው አማካሪው በራሱ አካውንት ከፍቶ፣ ራሱ ከፍሎ፣ በብር ሲያስከፍል ይታያል። ለጊዜው ያቀላል። አማካሪውና ደንበኛው የተጣሉ ቀን ግን ዳታው በማን እጅ ነው? ክፍያው በእናንተ በኩል ቢያልፍ እንኳ ዋናው የይለፍ ቃልና ባለቤትነቱ የነሱ ይሁን፤ ውሉ ላይ ይጻፍ። እዚህ ላይ ወደ ኋላ አትበዪ።

አለቃሽን ካናገርሽ በኋላ ጋሼ ጋ ሂጂ። ስለዚያ ቀን እውነቱን ንገሪው። «ጋሼ፣ ያን ዕለት የተነሣሁት ጨንቆኝ ነው። የድርጅቴን ጉዳይ ከአለቃዬ በፊት ላንተ ማውራት አልችልም። ጥያቄህ ግን ትክክለኛ ነው። ስብሰባው ላይ ሁሉም ባለበት ጠይቀኝ፤ የማምንበትን እመልስልሃለሁ።» ይኼን ለመረዳት የሚቸገር ሰው አይመስለኝም። ኤስኪውኤል ያስተማረሽ ሰው ነው።

ደግሞ ጋሼ ስለ ገንዘቡ ብቻ የጠየቀሽ አይመስለኝም። ሰርቨሩ ሲሄድ እሱ የት ይሄዳል? ይኼን በአፉ አይጠይቅሽም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ከልጁ እኩያ «ሥራዬን ትቀሚኛለሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አንቺ ራስሽ መልሺለት። በሥራ መልሺለት። እዚያ ዳታቤዝ ውስጥ «ማስታወሻ» በሚል ኮለም ካሸሮቹ የዱቤ ቀጠሮ እየጻፉ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የዕቃ ኮድ ተለውጦ አሮጌው እንዳልጠፋ የሚያውቅ ሰው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ዳታውን ማዛወር ትችያለሽ፤ ማንበብ ግን አትችይም። ዲዛይኑ ውስጥ ቦታውን ጻፊ። የሥልጠና ሰዓት በውሉ ውስጥ ዋጋ ተቆርጦለት ይግባ። ወጪ ከተወሰነው ሲያልፍ የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ ወደ እሱ ስልክ ይምጣ። ባክአፑን ባዶ ማሽን ላይ መልሶ የማስነሣቱን ልምምድ እሱ በእጁ ይሥራው፣ አንቺ አጠገቡ ቁሚ። እሱ ሳያስነሣው ርክክቡን አትፈርሚ።

አለቃሽ እምቢ ቢልስ? ሁለት ዓይነት እምቢታ አለ። «ሦስቱንም አማራጭ እናቅርብ፣ እኔ ግን ትልቁን እደግፋለሁ» ካለ ችግር የለም። ባለቤቶቹ ወጪውን አይተው ትልቁን ከመረጡ ገንዘቡ የነሱ ነው። አንቺም በሙሉ ልብሽ አሳምረሽ ሥሪላቸው። ውድ ዲዛይን ሁሉ ማታለል አይደለም። «ወጪውን አታሳዪ፣ አማራጩን አታንሺ» ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ በጽሑፍ፣ በትህትና፣ «ይኼን ክፍል እኔ ማቅረብ አልችልም፣ ሌላ ሰው ያቅርበው» በዪው። ምክንያትሽን በሁለት መስመር ጻፊ። ከደንበኛው ዳታ ምንም ነገር ወደ ራስሽ እንዳትገለብጪ፤ የራስሽን ደብዳቤ ብቻ ያዢ። በማግሥቱ አትልቀቂ። የወንድሞችሽ ትምህርት አለ። እየሠራሽ፣ ለማንም ሳታወሪ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ። ሌላ እስክታገኚ የሚቆይ ወር ክብርሽን አይነካም።

አለቃሽ ይኼን ሁሉ ሰምቶ «ጥሩ፣ ትንሹን እናቅርብ» ሊልሽም ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ፕሮፖዛል የሚመጣው ካለፈው ፕሮጀክት ስለተቀዳ እንጂ ሰው ሊጎዳ ስላሰበ አይደለም። ማንም ሌላ ወረቀት ስላልሰጠው ያንኑ ያስተላልፋል።

አዲስ አበባ ስለመግባት ብዙ አልልም። ይኼው ጥያቄ እዚያም ይጠብቅሻል፤ ደንበኛው ብቻ ነው የሚለወጠው። እዚህ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ባቡሩ አለ። ዳታቸውን በሦስት አቆጣጠር የሚረዳላቸው ሰው የሚፈልጉ ነጋዴዎች ሞልተዋል። ሰርተፍኬት ከፈለግሽ ውሰጂ፤ ፈተናው በዶላር ስለሆነ ድርጅትሽ ይክፈልልሽ። የአማዞኑ ለሦስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ጊዜውን አስበሽ ግቢ።

ስብሰባው ላይ ከባለቤቶቹ አንዱ «ትልቁ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ቢልሽ አትደንግጪ። ለሴት ባለሙያ፣ ያውም ለወጣት፣ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ገጽ አስቀምጪለትና ወደ ወጪው ሠንጠረዥ ሂጂ። ነጋዴ ቁጥር ሲያይ ስለ ዕድሜሽ ማሰቡን ይተዋል።

አሁን ለአለቃሽ አጭር ኢሜይል ጻፊ። የግማሽ ሰዓት ጊዜ ጠይቂው። ርዕሱን «የዲዛይን አማራጮችና ወጪ» በዪው። ሁለቱን ገጽ ከንግግራችሁ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ላኪለት፣ ብቻውን ተረጋግቶ ያንብበው።